የማዳበሪያ መጋዘን ወለል በኬሚካል እንዳይበላ፦ የኮንክሪት አሠራርና ጥገና መመሪያ

የማዳበሪያ መጋዘን ወለል ከእህል መጋዘን ወለል ቀድሞ የሚበላው ሸክም ስለሚበዛበት አይደለም። ሃምሳ ኪሎ ስንዴም ሃምሳ ኪሎ ዩሪያም ለወለሉ አንድ ክብደት ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከከረጢቱ ስፌት እየሾለከ መሬት ላይ የሚቀረው ፍሬ እርጥበት አግኝቶ ሲሟሟ፣ በስንጥቅና በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ኮንክሪቱ ሲሰርግ፣ ከዚያም ሲሚንቶውን ወይም ፌሮውን ሲያገኝ ነው። የሚከተለው ቅደም ተከተል በዋናነት ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን የተዘጋጀ ሲሆን፣ ለአበባ እርሻ የማዳበሪያ ማቀላቀያ ክፍልና ለፀረ ተባይ ማከማቻ የሚለወጠው ነገር በቦታው ተጠቅሷል። የተበላ ወለል የሚጠግን ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች አንብቦ በቀጥታ ወደ ጥገናው ሊያልፍ ይችላል።

1. የሚከማቸውን ኬሚካል መለየት

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለፉት ሦስትና አራት ዓመታት ወደ መጋዘኑ የገቡትን የማዳበሪያ ዓይነቶች ከንብረት ክፍሉ መዝገብ ያስወጡ። «ማዳበሪያ ነው» የሚለው መልስ ለኮንክሪት ሥራ ምንም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም አንዱ ዓይነት ለብዙ ዓመት ብዙም ሳይጎዳ ሲቀመጥ ሌላው በጥቂት ክረምት ወለሉን ወደ አሸዋነት ይመልሰዋል።

ነገሩን ለሠራተኞች ለማስረዳት ከንግግር ይልቅ የሚከተለው ሙከራ ይቀላል። ደጅ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ ኤን ፒ ኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ) ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሲሚንቶ ጋር በማይፈለግ ብርጭቆ ውስጥ ይቀላቅሉ። ደረቁ ድብልቅ የሚሸት ነገር አይኖረውም። ጥቂት የውኃ ጠብታ ሲጨመርበት ግን አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይወጣል፤ ብርጭቆውን ወደ ፊት ሳያስጠጉ በእጅ እያራገቡ ማሽተት ይበቃል። የሚሸተው አሞኒያ ነው። ሙከራው ማዳበሪያው ሲሚንቶውን እንደሚያጠቃም፣ ውኃ እስካልገባበት ድረስ ጥቃቱ እንደማይጀምርም በአንድ ጊዜ ያሳያል።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲዋሐድ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ነጻ ኖራ ነው፤ የጤነኛ ኮንክሪት ፒ ኤች (የአሲድነትና የአልካላይንነት መለኪያ) ከ12.5 የማያንሰውም፣ ፌሮው ሳይዝግ የሚኖረውም በእርሱ ምክንያት ነው። አሞኒየም ያለበት ጨው ይህን ኖራ ሲያገኝ አሞኒየሙ የአሞኒያ ጋዝ ሆኖ ይሸሻል፣ ኖራው ደግሞ ከቀረው የጨው ክፍል ጋር ይጣመራል። ጋዙ እየሸሸ ስለሚሄድ ጨውና እርጥበት እስካሉ ድረስ ሂደቱ ይቀጥላል። ቀጣዩ ጉዳት የሚወሰነው በቀረው ክፍል ማንነት ነው። ናይትሬት ከሆነ ካልሲየም ናይትሬት ይፈጠራል፤ ይህም በውኃ በቀላሉ ስለሚሟሟ ታጥቦ ይሄድና ኮንክሪቱ ወንፊት ይሆናል። ሰልፌት ከሆነ ጂፕሰምና ኤትሪንጋይት የሚባሉ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ ኤትሪንጋይቱ በሚያድግበት ቦታ ስለሚያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ፎስፌት ከሆነ የሚፈጠረው ካልሲየም ፎስፌት እምብዛም ስለማይሟሟ ጉዳቱ ቀለል ይላል።

ስለዚህ ከጉዳት አንጻር በመጀመሪያው መስመር የሚቆሙት አሞኒየም ሰልፌትና አሞኒየም ናይትሬት ናቸው። አሞኒየም ሰልፌት በሁለቱም በኩል ስለሚያጠቃ፣ ማለትም ኖራውን እየበላ በዚያው ስለሚያሳብጥ፣ እኔ ከሁሉ የከፋ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ዳፕ አሞኒየምና ፎስፌት ብቻ ስለሆነ ከእነርሱ የተሻለ ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ዋናው ማዳበሪያ የነበረውን ዳፕን ተክቶ የገባው ኤን ፒ ኤስ ግን በ100 ኪሎ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅንና 7 ኪሎ ሰልፈር ይዟል፤ ሰልፈሩም በአብዛኛው በሰልፌት መልክ ያለ ነው። በዳፕ ዘመን ተሠርተው ደህና የቆዩ ወለሎች ኤን ፒ ኤስ ከገባ ወዲህ ሰልፌት የሚባል አዲስ እንግዳ ተጨምሮባቸዋል ማለት ነው፤ «ይህ ወለል ስንት ዓመት ችሏል» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት አያስኬድም።

ዩሪያ አሞኒየም የለበትም፣ አሲድም አይደለም። ይሁን እንጂ በአፈርና በፍግ ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን ተሕዋስያን ወደ አሞኒየም ይቀይሩታል፤ በተጨማሪም እየሟሟና እየደረቀ ሲመላለስ በኮንክሪቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሠራው ክሪስታል የወለሉን ፊት ይልጣል። ፖታሽ፣ ማለትም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ሲሚንቶውን ብዙም አይነካም፤ ዒላማው ፌሮው ነው። ክሎራይዱ ፌሮው ጋ ሲደርስ የመከላከያውን ሽፋን ይሰብራል፣ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ሽፋኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ለአሲዳማ መሬት የሚበተነው የእርሻ ኖራ ግን ለኮንክሪት ጉዳት የለውም፤ ቦታ ሲጠብ ከግድግዳው ሥር መደርደር ያለበትም እርሱ ነው።

2. ውኃውን አስቀድሞ መቁረጥ

የአውሮፓ የኮንክሪት ስታንዳርድ የሆነው ኢ ኤን 206 የከርሰ ምድር ውኃን የጉዳት ደረጃ ሲያወጣ፣ አሞኒየሙ በሊትር ከ15 እስከ 30 ሚሊግራም ከሆነ ቀላል፣ ከ30 እስከ 60 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ60 እስከ 100 ከሆነ ብርቱ ይለዋል። በመጋዘን ወለል ላይ የሟሟ ማዳበሪያ በሊትር የሚይዘው አሞኒየም ግን በአሥር ሺዎች ሚሊግራም የሚቆጠር ነው። በስታንዳርዱ ሠንጠረዥ ውስጥ ይህን ያህል ጥቃት ብቻውን ይቋቋማል የተባለ ኮንክሪት የለም። የሥራው ቅደም ተከተል ከዚህ ይነሣል፦ መጀመሪያ ውኃውን መከልከል፣ ቀጥሎ ኮንክሪቱን ማጥበቅ፣ ቅብ መቀባት ደግሞ በመጨረሻ። በተግባር የማየው ግን ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሹን ነው፤ ጣሪያው እያፈሰሰ ገንዘቡ ኤፖክሲ ለሚባለው፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ ለሚጠነክር ውድ ቅብ ይወጣል።

ውኃ የሚገባው ከላይ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ራሱ ከአየር ውኃ ይስባል፤ እያንዳንዱ ዓይነት መሳብ የሚጀምርበት የአየር እርጥበት መጠን አለው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ አሞኒየም ናይትሬት ወደ 59 በመቶ፣ ዩሪያ ወደ 73 በመቶ፣ አሞኒየም ሰልፌት ወደ 79 በመቶ፣ ዳፕ ወደ 82 በመቶ ላይ ነው። ዩሪያና አሞኒየም ናይትሬት ከተነካኩ ደግሞ ቁጥሩ ወደ 18 በመቶ ስለሚወርድ በበጋም ቢሆን ወዲያውኑ ያልባቸዋል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይደርድሩ። የደጋው የክረምት አየር እርጥበት ደግሞ እነዚህን ቁጥሮች በቀላሉ ያልፋል። ዩሪያ ሰብሉ ከበቀለ በኋላ የሚጨመር በመሆኑ ሐምሌንና ነሐሴን በመጋዘን የሚያሳልፈው እርሱ ነው።

በመሆኑም ጣሪያውን በዝናብ ሰዓት ውስጥ ገብተው ይፈትሹ፤ ከውጭ ማየት ዋጋ የለውም። የአሸንዳው ውኃ ከግድግዳው ርቆ እንዲፈስ ያድርጉ፣ በዙሪያው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያስቆፍሩ፣ የውስጡን ወለል ከውጭው መሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። በር ላይ ሠራተኞች በጭቃ ጫማ የሚገቡበት ቦታ ሁልጊዜ ቀድሞ ስለሚበላ ከደጃፉ ውጭ ጣሪያ ያለው መቆሚያ መሥራት ትንሽ ወጪ ያለው ትልቅ መድኃኒት ነው።

3. ከወለሉ በታች ያለውን ማዘጋጀት

የላዩ ለም አፈር ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ድርብ እየተነጠፈና ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠቅጠቅ፤ በላዩ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ሃርድኮር ይደርደርና ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ። ጥቁር የሚያብጥ አፈር ባለበት ቦታ መጀመሪያ አፈሩን ማውጣት ግድ ነው፤ የወለል ስንጥቅ ሁሉ ለሟሟ ማዳበሪያ መንገድ መሆኑን ያስታውሱ። ከሃርድኮሩ በላይ ስስ የአሸዋ ንጣፍ ይደረግና ወፍራም ፕላስቲክ ሸራ ይዘርጋ፤ መደራረቢያው 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ሸራ ከምድር የሚሳበውን እርጥበት ያቆማል። ብዙ ቦታ «አያስፈልግም» ተብሎ የሚዘለለው እርሱ ሲሆን፣ በኋላ ኤፖክሲው እንደ ፊኛ ሲነሣ ምክንያቱ ይጠፋል።

ቦታው ቀድሞ ማዳበሪያ የተከማቸበት፣ የከብት በረት የነበረ ወይም በአፋር እንደሚገኘው አሚባራ ባሉ ጨዋማ የመስኖ አካባቢዎች የሚገኝ ከሆነ የአፈር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ልከው ሰልፌቱን ያስለኩ። በአሜሪካው የኮንክሪት ኢንስቲትዩት ደንብ በውኃ የሚሟሟ ሰልፌት ከአፈሩ ክብደት ከ0.1 በመቶ ጀምሮ ትኩረት ይሻል፤ ከ0.2 በመቶ ሲያልፍ ብርቱ ይባላል።

4. ሲሚንቶና ጠጠር መምረጥ

በአገራችን ሳይቶች ኦ ፒ ሲ (መደበኛው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለአርማታ፣ ፒ ፒ ሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ለልስን የሚል ልማድ ሥር ሰዷል። ለማዳበሪያ ወለል ይህ ልማድ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። በፒ ፒ ሲ ውስጥ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስላለ፣ ይህ ዱቄት ነጻውን ኖራ ቀስ በቀስ እየተጠቀመ ተጨማሪ ማጣበቂያ ይሠራበታል፤ ማዳበሪያው የሚበላው ኖራ ይቀንሳል፣ ቀዳዳዎቹም ይጠባሉ። ጉድለቱ ቀስ ብሎ መጠንከሩ ነው። ሰባት ቀን ብቻ ውኃ ጠጥቶ የተተወ የፒ ፒ ሲ ወለል ከኦ ፒ ሲው የባሰ ይሆናል፤ ስለዚህ 14 ቀን ውኃ ለማጠጣት የሚያስችል ውኃና ጊዜ ከሌለ ኦ ፒ ሲውን ይያዙ። በሁለቱም ቢሆን ከዋናው ሥራ በፊት የሙከራ ኪዩብ ተሠርቶ ጥንካሬው እንዲለካ በ28 ቀን ይሰበር።

ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ ይሁን። እንደ መቀሌና ድሬዳዋ ባሉ የኖራ ድንጋይ በሚበዛባቸው አካባቢዎች ግን ጠጠሩ ራሱ በአሲድና በአሞኒየም ናይትሬት ሊሟሟ ስለሚችል ከየት እንደተፈለጠ ይጠይቁ። አሸዋው ጭቃ የሌለበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዳበሪያ ካልተራገፈበት መሬት የተነሣ ይሁን፤ መጋዘን በሚታደስበት ጊዜ አሸዋውን እዚያው ግቢ የቀድሞ ማራገፊያ ላይ መድፋት የተለመደ ስህተት ነው። ፀረ ተባይ የነበረበት ጀሪካን ለማቡኪያ ውኃ አይውልም፤ ለምንም አይውልም።

5. ማቡካት

ለዚህ ሥራ በየሳይቱ የለመድነው ሲ-25 (በ28 ቀን 25 ሜጋ ፓስካል ጥንካሬ የሚደርስ ኮንክሪት) አይበቃም። ኢ ኤን 206 ለመካከለኛ የኬሚካል ጥቃት ውኃው ከሲሚንቶው ክብደት 0.50 እንዳይበልጥና ሲሚንቶው በሜትር ኪዩብ ከ320 ኪሎ እንዳያንስ፣ ለብርቱ ጥቃት ደግሞ 0.45 እና 360 ኪሎ እንዲሆን ይመክራል። ሁለተኛውን ይያዙ፤ በሜትር ኪዩብ ከሰባት ከረጢት ጥቂት የሚያልፍ ነው።

50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመለኪያ ሳጥን ካለ፣ ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር ይገባል። ግንበኛው ይህን ሲሰማ «ይህማ የሁልጊዜው ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። ልዩነቱ በሳጥኑ ቁጥር ሳይሆን በውኃው ነው። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 0.45 ማለት 22 ሊትር ተኩል ነው። ሁለቱ ሳጥን አሸዋ 105 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አምስት በመቶ እርጥበት ካለው አምስት ሊትር ያህል ውኃ ይዞ መጥቷል፤ ስለዚህ ከውጭ የሚጨመረው ወደ 17 ሊትር ብቻ ነው፣ ማለትም ሙሉ የማይሞላ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ሚክሰሩ አጠገብ የቆመው ልጅ ግን በባልዲ ነው የሚጨምረው፣ የሚያቆመውም ኮንክሪቱ ሲፈስ ሲያይ ነው። ጀሪካኑ ላይ በቀለም መስመር አስምረው ይስጡት፤ ባልዲውን ይውሰዱበት።

በዚህ ውኃ ኮንክሪቱ ደረቅ ብሎ ለሠራተኛ ያስቸግራል። መፍትሔው ውኃ መጨመር ሳይሆን ፕላስቲሳይዘር አድሚክስቸር የሚባለውን፣ ኮንክሪቱን ያለ ተጨማሪ ውኃ የሚያለሰልስ ቅልቅል አምራቹ በጻፈው መጠን መጠቀምና ቫይብሬተር ማቅረብ ነው። ቫይብሬተር ከሌለ ይህን ሥራ አይጀምሩ።

6. ማፍሰስ፣ ማለስለስና ውኃ ማጠጣት

ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ፌሮው ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሽፋን እንዲኖረው በስፔሰርና በወንበር ይደገፍ፤ ኮንክሪቱ እየፈሰሰ በእጅ እየተጎተተ የሚነሣ ፌሮ ቦታውን አይዝም። ወለሉ አራት በአራት ሜትር ገደማ በሆኑ ካሬዎች ይከፋፈል፣ በሚቀጥለው ቀን መጋጠሚያው በዲስክ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ፣ በኋላም በማይደርቅ ማስቲክ ይሞላ።

ውኃው ከፊቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ፍራታዞ አይንካው። ላዩ እንዲያምር ደረቅ ሲሚንቶ መበተንና በካዙላ መጥረግ የብዙ ባለሙያ ልማድ ነው፤ የሚፈጠረው ግን እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ የሆነ ሽፋን ሲሆን የመጀመሪያው ዓመት ጨው ያነሣዋል። ለብቻው በኋላ የሚፈስ ሊሾም ለዚህ ወለል አይሆንም፤ ኮንክሪቱ ራሱ በአንድ ጊዜ ፈስሶ በራሱ ፊት ይለስልስ። ፌሮ ያለበት የግድግዳና የኮለን ግርጌ ከወለሉ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ ኬሚካል እንዳይተኛበት የ10 ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ማዕዘን ይሠራ።

ከዚያ ጆንያ ተነጥፎበት፣ በላዩ ላስቲክ ለብሶ ኦ ፒ ሲ ከሆነ 7፣ ፒ ፒ ሲ ከሆነ 14 ቀን ሳይደርቅ ይቆይ። ጠዋት አጠጥቶ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ መተው ውኃ ማጠጣት አይባልም። ለመሸፈኛ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት መጠቀም የሚቀናው ስለሚገኝ ነው፤ ሳይታጠብ ከተነጠፈ በውስጡ የቀረው ፍሬ ገና ያልጠነከረውን ኮንክሪት ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ይሆናል።

7. ቅብ መቀባት

ቅብ የሚቀባው 28 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። መድረቁን ለማወቅ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ቢያንስ 16 ሰዓት ይተዉት፤ ከሥሩ ጤዛ ከያዘ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ገና ነው። ፊቱ በማሽን ይፋቅ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ከዚያ የኤፖክሲ ቅብ በሁለት እጅ ይቀባ። ገንዘብ ካነሰ ወለሉን ሁሉ ለማዳረስ ቅቡን ከማቅጠን ይልቅ ለበሩ አካባቢ፣ ለማራገፊያውና ለግድግዳው የታችኛው 50 ሴንቲ ሜትር ቅድሚያ ይስጡ።

ለፀረ ተባይ ማከማቻ ጉዳዩ ይለያል። አብዛኞቹ ፀረ ተባዮች ኮንክሪቱን አያፈርሱትም፤ ኮንክሪቱ ነው እነርሱን ጠጥቶ የሚበከለው፤ የተበከለ ወለልም ታጥቦ አይጠራም። ስለዚህ ቅቡ እዚያ ግዴታ ነው። በውኃ ሲነካ ወተት የሚመስሉት ፈሳሽ ፀረ ተባዮች በፔትሮሊየም ውጤት የሟሙ ስለሚበዙ የሬንጅ ቅብን ያቀልጡታል፤ ኬሚካል የሚቋቋም ኤፖክሲ ይጠቀሙ። በበሩ ላይ ደፍ ተሠርቶ፣ ትልቁ በርሜል ቢፈስ መጠኑን ከነአሥር በመቶ ትርፉ ውስጡ የሚይዝ ይሁን።

በአበባ እርሻ የማቀላቀያ ክፍል ደግሞ ችግሩ አሲድ ነው። የመስኖ ውኃውን ፒ ኤች ለማውረድ የሚውለው ናይትሪክ አሲድ ለየትኛውም ዓይነት ሲሚንቶ አይመለስም፤ ኤፖክሲውንም ቢሆን ጠንካራው አሲድ ከተኛበት ያጠቃዋል። የአሲዱ ጋን በፕላስቲክ ገንዳ ውስጥ ይቀመጥ፣ ፓምፑና መጋጠሚያው የሚያንጠባጥብበት ሥፍራም በዚያው ገንዳ ውስጥ ይሁን። ካልሲየም ናይትሬት የሚይዘው ጋንና ሰልፌትና ፎስፌት የሚይዘው ጋን የሚለያዩት ዝቃጭ እንዳይፈጥሩ ነው፤ ለወለሉ ግን አደገኛው ሰልፌት ያለበት ስለሆነ የፍሳሽ መውረጃው ወደ እርሱ ይቅረብ።

8. የተበላ ወለል መጠገን

አንድ መጋዘን እንድጠግን በተጠራሁ ጊዜ ወለሉ ሦስት ጊዜ ሊሾ ፈስሶበት ነበር። ሦስቱም ሽፋን እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዙ ተቀልብሶ ይነሣል። ከረጢት ተደግፎበት የኖረ የኮለን ግርጌ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍታ ድረስ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ በካዙላ ጫፍ ሲጫር እንደ እርጥብ አመድ ይረግፋል፤ ጠጠሩ ብቻ ራቁቱን ቀርቷል፤ ከኋላው ደግሞ የዛገው ፌሮ ይታያል። ሊሾውን ያፈሰሱት ሰዎች ሥራቸውን አበላሽተው አይመስለኝም። ሥሩ የቀረው ኮንክሪት ጨው እንደ ጠጣ ነበርና አዲሱ ሲሚንቶ ከተነካበት ሰዓት ጀምሮ ከታች ይበላ ነበር።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዕቃው ይውጣና ወለሉ በደረቁ ይጠረግ። በውኃ ማጠብን አያስቀድሙ፤ ላዩ ላይ ያለው ጨው ሁሉ ሟሙቶ ወደ ስንጥቁ ይገባል። ከዚያ ወለሉን በመዶሻ እየመቱ ይሂዱ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ በጠመኔ ይክበቡ። በክበቡ ውስጥ ትንሽ ቦታ በመሮ ተፈልጦ፣ አዲስ በተሰበረው ፊት ላይ የፊኖልፍታሊን ውሕድ ይነፋ፤ ከላቦራቶሪ ዕቃ ሻጮች ይገኛል። ሐምራዊ የሚሆነው ኮንክሪት አልካላይንነቱ አለው፤ ቀለም የማይዘው አጥቷል። ቀለም ማጣት በዕድሜ ብዛትና በአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድም ሊመጣ ስለሚችል ጥፋቱን ሁሉ በማዳበሪያው አያሳብቡ፤ ለጥገናው ግን ሁለቱም ያው ናቸው፤ ፌሮው መከላከያ አጥቷል።

የጥገናው ጠርዝ በዲስክ 2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ፤ እየሳሳ በሚያልቅ ጠርዝ ላይ የፈሰሰ ጥገና አይቆይም። በውስጡ ያለው ሐምራዊው እስኪገኝ ድረስ ይፈለጥ፤ የዛገ ፌሮ ከተገኘ ከጀርባው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈትና በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይፈተግ። ፌሮው ከውፍረቱ ግልጽ በሆነ መጠን ከሳሳ፣ በተለይም በኮለን ላይ ከሆነ፣ ሥራው ቆሞ መሐንዲስ ይጠራ፤ ጣሪያውን ሳይደግፉ ኮለን አይፈለጥም። ፈላጮቹ መነጽርና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ።

አሁን ቦታው በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ውኃው በጨርቅ ይመጠጥ፤ ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ይደገም። መጥራቱን ለማረጋገጥ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ እንዲህ ነው፦ አንድ እፍኝ የቀጠነ የሲሚንቶ ቡኬት በተፈለጠው ፊት ላይ አድርጌ በፕላስቲክ ኩባያ እደፋበታለሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ኩባያውን ሳነሣ አሞኒያ ከሸተተ ገና ነው፤ እንደገና ይፈለጣል። አፍንጫ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ሰልፌትንና ክሎራይድን አያሸትም፤ ፖታሽ የነበረበት ቦታ ከሆነ ከተለያየ ጥልቀት በድሪል የወጣ ዱቄት ወደ ላቦራቶሪ ይላክ።

ቦታው ጠርቶ ውኃ ጠጥቶ፣ ፊቱ ግን ሳያንጸባርቅ፣ የሲሚንቶ ቡኬት በብሩሽ ይቀባና ሳይደርቅ አዲሱ ኮንክሪት ይፈስስበት። ውፍረቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ጠጠሩ ከ10 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ ውኃው በክፍል 5 በተጻፈው ልክ ይሁን። በክፍል 6 የተጻፈው ውኃ ማጠጣትና 28 ቀን መጠበቁ እዚህም አይቀርም። አብዛኛው ጥገና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ማዳበሪያ የጫኑ መኪኖች በር ላይ ቆመው ሳለ በአሥረኛው ቀን «ደርቋል» ይባላል።

ዕቃው ሲመለስ ከረጢቶቹ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ይደርደሩ፤ ከግድግዳና ከኮለን 50 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ መጥረጊያ የሚገባበት መንገድም ይተው። የተቀደደ ከረጢት በዕለቱ ወደ ሌላ ይገልበጥ፣ የፈሰሰው በዕለቱ በደረቁ ይጠረግ። ዝናብ በሚዘንብበትና በሌሊት በሩ ይዘጋ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይከፈት። መስከረም ሲጠባ፣ መጋዘኑ ባዶ ወይም ለባዶ የቀረበ በሆነበት ጊዜ፣ ያው መዶሻ ተይዞ የተጠገነው ቦታ ከዳር እስከ ዳር ይመታ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠው ሥፍራ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ጠርዝ፣ መሀል ላይ ከሆነ ግን ጥገናው በሙሉ ተነሥቶ ከመፈለጡ ጀምሮ ይደገም።